ሰሊጥ በዓል አያውቅም

ሰሊጥ ሰው አይጠብቅም። የታች ቅጠሉ ቢጫ ሲል፣ ፍሬው ገና አረንጓዴ እንዳለ ካልታጨደ፣ ከረጢቱ ከጫፉ ይከፈትና ዘሩን መሬት ላይ ያፈሰዋል። ባለሀብቱ የዓመት ወጪውን የሚመልስባት ጊዜ ሁለት ሳምንት ያህል ብትሆን ነው። በሱዳን በኩል በገዳሪፍ፣ በዶካ፣ በገላባት፣ ወዲህ ተሻግሮም በመተማ፣ በመስከረምና በጥቅምት የሚታየው ጥድፊያ ሁሉ የሚመጣው ከዚህች ተክል ጠባይ ነው። ስለ ጉብዝና ልጽፍ ተነስቼ ከሰሊጥ መጀመሬ አይግረማችሁ። ጉብዝና ሰውን እንዴት እንደሚበላ ያየሁት እዚያ ነው።

ክፍያው በቁርጥ ነው። ያጨድከው፣ አስረህ ያቆምከው ይቆጠራል። ነዶው እርስ በርሱ ተደግፎ ሂላ ሆኖ ይቆማል፤ ሲደርቅ ሸራ ላይ ይገለበጥና ይራገፋል። ማንም አለንጋ ይዞ አይቆምብህም። አያስፈልግማ! ማታ አሲዳው (ገንፎው) በዌካ (በደረቅ ባሚያ ወጥ) ሲቀርብ ካቦው የቀኑን አንደኛ በሰው ፊት ስሙን ጠርቶ “አንተ አንበሳ!” ይለዋል። ያ ልጅ በማግስቱ ከትናንቱ ወርዶ መታየት አይችልም። ጎኑ ያለውም መበለጥ አይፈልግም። ቀኑ ሲያቃጥል ሌሊት በጨረቃ፣ ጨረቃ ሲጠፋ በባትሪ ይታጨዳል። ገንዘቡ አንዳንዴ ጎንደር ሳይደርስ ያልቃል። ሙገሳው ግን አያልቅም፤ ልጁን በዓመቱ መልሶ የሚያወርደው እሱ ነው።

እነዚህ ልጆች ከደንቢያ፣ ከበለሳ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ ሲወርዱ ትተውት የሚመጡት አንድ ነገር አለ። ደጋ ላይ ገበሬ የሚያርፍበት ቀን ተቆጥሮ የተሰጠው ነው። ሰንበት አለ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ የደብሩ ታቦት የሚነግስበት ቀን ደግሞ ለብቻው። ስንፍና የሚያበዛ ነው ብለው በዓሉን ሲነቅፉ የኖሩ የልማት ባለሙያዎች ብዙ ናቸው፤ ነቀፌታው ሁሉ ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን ያ የበዓል ሥርዓት አንድ ትልቅ ሥራ ይሠራ ነበር። ጎበዙንም ሰነፉንም በአንድ ቀን ያስቆማል። ጎረቤትህ በማርያም ቀን ማረስ ካልቻለ አንተም ሞፈርህን ስትሰቅል የሚቀርብህ ነገር የለም። ዕረፍትህ ሽንፈት አይሆንም።

ቆላ ሲወርዱ ይህ ይቀራል። መስቀል የሚውለው ሰሊጡ ሊደርስ ሲል ወይም በደረሰበት ሰሞን ነው። ገዳሪፍ ውስጥ ገበያው ዓርብ ያርፋል፤ ማሳው ግን ዓርብንም እሑድንም አያውቅም። ሙስሊሙ የወሎ ልጅ ጁምዓው፣ ክርስቲያኑ ሰንበቱ ያልፈዋል፤ ሁለቱም እኩል አጎንብሰው ይውላሉ።

መተማ መናኸሪያ ያገኘሁት ልጅ ፊቱ ሟሽሾ፣ ሆዱ ግን ተነፍቶ ነበር። ትኩሳት ከያዘው ከሦስት ሳምንት በላይ ሆኖታል።

“ምን ያዘህ?” አልኩት።

“ወባ ነው ጋሼ፣ ያልፋል።”

“ታዲያ ለምን ቶሎ አልታከምክም?”

“ሰሊጡ ሊረግፍ ነበራ!”

የሰው ሰሊጥ እኮ ነው።

ወባ አልነበረም፤ ካላ አዛር ነው። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዚያ አካባቢ የምትኖረው በተሰነጣጠቀው ዋልካ አፈርና በግራር ሥር ነው፤ ሠራተኛው ሌሊት የሚያጭድበትና የሚያድርበት ቦታ ማለት ነው። ሳይታከም ከቀረ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይገድላል። ዝንቧ የነከሰችው ሁሉ ግን አይታመምም። የተራበና የተጎሳቆለ ሰውነት ነው ቶሎ የሚሸነፈው። ወቅቱን በሙሉ ሳያርፍና በቅጡ ሳይበላ የሠራ ልጅ ደጁን ከፍቶ ይጠብቀዋል። በሽታው ከባለቤቱ ጋር ወደ አገር ቤትም ይገባል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2005 ሊቦ ከምከምና ፎገራ ላይ ካላ አዛር የተቀሰቀሰው ከመተማና ከሁመራ የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት በመምጣታቸው እንደሆነ ይታመናል። ልጁ አክሊል ይዤ እገባለሁ ብሎ ሲደክም ለጎረቤቱ ያመጣው ይህን ነው።

መሬቱም የልጆቹ ዕጣ ደርሶታል። እንግሊዞች በምሥራቅ አፍሪካ የነበረ ሠራዊታቸውን ለመመገብ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ ገዳሪፍ አጠገብ ገደምባሊያ ላይ በትራክተር ማሽላ ማምረት ጀመሩ። በኋላ የዓለም ባንክ ገንዘብ ተጨመረበት። በመሬት ኪራዩ ውል መሠረት ከእርሻው የተወሰነው በየዓመቱ ጦም ማደር ነበረበት፤ ማን ሊሰማ! ማሽላ፣ ሰሊጥ፣ እንደገና ማሽላ። አፈሩ ሲደክም ጫካ ተመንጥሮ ወደ ደቡብ መግፋት ሆነ። በደከመው መሬት ላይ አቀንጭራ የሚባለው ጥገኛ አረም ነገሠ። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ያስገኙትና በዚህም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት የእኛው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ የማሽላ ምርምራቸውን መጀመሪያ ካካሄዱባቸው አገሮች አንዷ ሱዳን ናት። ዘሩም ቢሆን ብቻውን አልበቃም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ለገበሬው የተሰጠው ከማዳበሪያና ውኃ ከሚያቁር ቦይ ጋር ነው። የቱንም ያህል ጎበዝ ዘር ብትዘራበት የተራቆተ መሬት መልሶ ካልተመገበ አይሰጥም።

“ለድሃ ዕረፍት ቅንጦት ነው” የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ዕዳ ያለበት፣ እናቱ የማዳበሪያ ገንዘብ የምትጠብቅበት ልጅ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ሚዛን መስበክ ነውር ነው፤ እቀበላለሁ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ወዲህ ደግሞ ሌላ ፈተና ተጨምሯል። ግን ሁለቱን እንለያቸው። ዕዳው የሚያስገድደው አለ፣ ከዕዳው በኋላ ያለ ደግሞ አለ። ልጁ ዕዳውን ከፍሎም አያቆምም። የሚያቆመው በሽታ ነው።

ይህ ደግሞ የማጭድ ብቻ አይደለም። ዋሽንግተን “ደብል እሠራለሁ” የሚለው ወንድማችን፣ አዲስ አበባ ሌሊት ስድስት ሰዓት ለአለቃዋ የምትመልሰው እህታችን፣ ሁሉም የራሳቸው ሂላ አላቸው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ግምት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት እ.ኤ.አ. በ2016 ብቻ 745 ሺህ ሰው በስትሮክና በልብ ሕመም እንዲሞት ምክንያት ሆኗል። እኛ ግን በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አሁንም የምንጋራው “ሌላው ሲተኛ አንተ ሥራ” የሚል ምስል ነው። ሌላውም ይህንኑ አንብቦ ሳይተኛ ያድራል።

ለአንድ ሰው “ረጋ በል” ብሎ መምከር የማይሠራው ለዚህ ነው። ብቻውን ያረፈ ይበለጣል። ደጋው ያወቀው በአንድነት ማረፍን ነው። ስለዚህ ዘንድሮ የምትወርዱ ልጆች፣ ከአንድ ቀበሌ የወጣችሁ አንድ ላይ ሁኑ። ከደላላው ጋር ዋጋ ስትነጋገሩ አጎበርና ንጹሕ ውኃ፣ ትኩሳት የያዘው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድበት መኪና፣ ደግሞም በሳምንት ለሁሉም ሥራ የተከለከለበት አንድ ቀን ይካተት። ሰንበት ይሁን ጁምዓ ራሳችሁ ተስማሙ። ካቦው “ሰሊጡ ይረግፋል” ካለ ሰው ይጨምር።