ተሳቢዋ ቤታችንና ከግድግዳው ጀርባ ያየሁት

ሰሞኑን ተሳቢዋ ቤታችን ጣሪያ ላይ ተንበርክኬ የተነሳሁትን ፎቶ ከለጠፍኩ በኋላ የውስጥ መስመሬ ተጨናንቋል። ግማሹ "ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜ ጣሪያ ላይ ምን ያደርጋሉ?" ይላል። ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ ግን ቁም ነገር ይዞ መጣ። "ቲቸር፣ እኔና ባለቤቴ እንደ እርስዎ ተጎታች ቤት ልንገዛ አስበናል። እርስዎ ግን ሁልጊዜ ሲፈቱና ሲገጥሙ ነው የማይዎት። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?" አለኝ።

መልሱ በአንድ መስመር አያልቅም። ቡናችሁን ያዙና ተከተሉኝ።

ለማታውቁት፣ እዚህ አሜሪካ ትራቭል ትሬይለር የሚሉት በፒክአፕ መኪና የሚጎተት ቤት ነው። አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ሽንት ቤት፣ ሻወር ሁሉም አለው። አገር ቤት የከባድ መኪና ተሳቢ ታውቁ የለ? እሱ ላይ አንዲት ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ተጭና አስቡት። በቃ ያ ነው።

እኛ የገዛነው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2021 ነው። ኮሮና ሰዉን ሁሉ ቤት ዘግቶበት፣ ሆቴል መግባት አስፈርቶ፣ ሁሉም "ከነቤቴ ልሂድ" ያለበት ጊዜ ነበር። በዚያ ዓመት ብቻ ከ600 ሺህ በላይ ተንቀሳቃሽ ቤቶች ከፋብሪካ ወጥተዋል፤ እስከዚያ ድረስ እንዲህ ተመርቶ አያውቅም። ከእነሱ አንዷ የእኛ ናት። 22 ጫማ፣ አዲስ፣ ፕላስቲኳ ያልተነሳላት። ብድሩ የ12 ዓመት። ባለቤቴ ቁልፉን ስትቀበል እንባ ቀረሽ አለች። እዚህ አገር ከመጣን ጀምሮ የእኛ ብለን የገዛነው የመጀመሪያው "ቤት" ነበራ!

የመጀመሪያው ጉዟችን ከሲያትል ብዙም ወደማይርቀው ደሴፕሽን ፓስ ነበር። ስንደርስ አንዱ መሳቢያ ወለሉ ላይ ተበትኖ አገኘነው። ፊትና ጀርባውን ያያያዘው ሁለት ሁለት የሽቦ ስቴፕል ብቻ ነው። የቁም ሳጥኑ በር ማጠፊያ በአንድ ብሎን ተንጠልጥሏል። ከማጠቢያው ሥር ያለው የቧንቧ መጋጠሚያ በእጅ እንኳን በደንብ አልጠበቀም። ማሞቂያውን ስንከፍተው ከቱቦው ሰጋቱራ እየተነፋ አልጋ ላይ ወረደ። ልጆቹ "በረዶ! በረዶ!" ብለው ሳቁ። እኛም አብረን ሳቅን። ካቻቪቴና ፒንሳ ይዣለሁ፣ አጠበቅሁ፣ ጠገንኩ፣ አለፈ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? እኔም አልጠረጠርኩም።

በ2023 የካቲት ላይ ባለቤቴ በሩን ከፍታ ገባችና ወዲያው ወጣች። "ይሄ ቤት እርጥብ ጆንያ፣ እርጥብ ጆንያ ይሸታል" አለችኝ። የሲያትልን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ዝናቡ አይወርድም፣ ይኖራል። ገብቼ ከአልጋው ራስጌ ያለውን ግድግዳ በጣቴ ተጫንኩት። እንደ ደረቅ ዳቦ ሊጠነክርብኝ ሲገባ ወተት እንደነካው ዳቦ ገባልኝ።

ወደ ሸጠልን ድርጅት ወሰድኳት። ልጁ ትሑት ነው፣ ቡና ሁሉ ጋበዘኝ። ከዚያ የባለቤት መመሪያውን ገልጦ "የጣሪያና የጠርዝ ማሸጊያ በየ90 ቀኑ መፈተሽ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው" የሚለውን አሳየኝ። ዋስትናውም የአንድ ዓመት ነበር፣ አልፏል። ለመጠገን የጠየቁኝ 9 ሺህ ዶላር ነው። ማታ እኔና ባለቤቴ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለን አልተነጋገርንም። "ግዛ ያልኩህ እኔ ነኝ" አለች በመጨረሻ። እኔ ደግሞ "ሳላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ገና ልንከፍልባት የቀረን ዕዳ ከእሷ ዋጋ በልጧል፤ ብንሸጣትም ዕዳው ይተርፈናል። ስለዚህ ራሴ ልከፍታት ወሰንኩ።

የውስጡን ልባስ አወረድኩ። ግድግዳ ማለት ቀጫጭን ሞራሌ፣ በመሃሉ የሙቀት መከላከያ፣ በውስጥ በኩል ስስ ኮምፖርሳቶ፣ በውጭ አልሙኒየም ቆርቆሮ ነው። የማዕዘኑ ሞራሌ ጠቁሯል፤ በማንኪያ ይዛቃል። ውሃው የገባው ከላይ ማዕዘኑን ከሚሸፍነው የብረት ጠርዝ ሥር ነበር። ጠርዙን ስፈታው ከሥሩ መነጠፍ የነበረበት ማጣበቂያ ጎማ አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ላይ ጭራሽ የለም። ከብሎኖቹም ሦስቱ እንጨቱን ስተው አየር ላይ ነው የተተከሉት። አንድ ስንዝር ማጣበቂያ! የዶላር ሽራፊ እንኳን አያወጣም። በዚያች ስንዝር ነው 9 ሺህ ዶላር የተጠየቅነው።

አንድ ነገር ደግሞ አየሁ። ባልበሰበሰው ሞራሌ ላይ በእርሳስ የተሰመረች ምልክት አለች። የአናጺ ምልክት ናት፤ "እዚህ ጋ ቁረጥ" የምትል። የሆነ ሰው እጅ ነክቶታል። ይሄን ሰው በአማርኛም በእንግሊዝኛም የማውቀውን ስድብ ሁሉ ሰደብኩት።

ከዚያ ግን ማንበብ ጀመርኩ። አብዛኞቹ የአሜሪካ ተንቀሳቃሽ ቤቶች የሚሠሩት ኢንዲያና ግዛት ውስጥ ኤልክሃርት በምትባል ከተማና በዙሪያዋ ነው። በብዙዎቹ ፋብሪካዎች ሠራተኛው የሚከፈለው በቆየበት ሰዓት ሳይሆን በተሠራው ቤት ቁጥር ነው። የቀኑ ቁጥር ቶሎ ከሞላ ቶሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ ቆም ብሎ አንድ ብሎን እንጨት መያዙን የሚያረጋግጥ ሰው የራሱንም የጓደኞቹንም ሰዓት ይበላል። በር አጠገብ የምትለጠፈው ማኅተምም ብታዩ ስለ እሳት፣ ስለ ጋዝ፣ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ቧንቧ ደህንነት እንጂ ስለ አናጺው ጥንቃቄ አትናገርም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ እናቶቻችን። እዚህ ግን የቸኮለው ሌላ፣ የሚለቅመው ሌላ ነው። ለቃሚው እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። የድሮ ተማሪዎቼ ይሄን በተለይ ለእናንተ ነው።

ቴክኒካል ድሮዊንግ ያስተማርኳችሁ ታስታውሳላችሁ። የሚታየው ጠርዝ በሙሉ መስመር፣ ከጀርባ ያለው የማይታየው ጠርዝ በተቆራረጠ መስመር ይሳላል። "የተቆራረጠውን የረሳ አናጺውን አሳሳተ" እያልኩ እጮህባችሁ ነበር። ስልሳ ምናምን ተማሪ፣ 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ። እርማቱን እንዴት እንደማርም ግን አልነገርኳችሁም። ደብተራችሁን ከፍቼ ሙሉው መስመር ደምቆ ከታየኝ ራይት አደርጋለሁ፣ እገለብጣለሁ። የተቆራረጠውን የማየው ጊዜ ሲተርፈኝ ነበር። ጊዜ ደግሞ አይተርፈኝም።

ደሴ ሳስተምር አንድ ልጅ ነበር፤ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የሚያስረክበው። እርሳሱን በየመስመሩ ይቀርጻል፣ ይለካል፣ መልሶ ይለካል። አንድ ቀን ፈተና ላይ ደወል ሲደወል ወረቀቱን ከእጁ መነጨቅሁት። "ቲቸር፣ የማይታየው ብቻ ቀርቶኛል" አለኝ። "የማይታየውን ማን ያይልሃል?" አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም የሳቁ ተካፋይ ነበርኩ። ዝቅተኛ ውጤት ሰጠሁት፤ በግማሽ ሰዓት ጨርሶ ላስረከበው ልጅ ደግሞ ትልቅ ማርክ።

የበሰበሰውን ሞራሌ እየዛቅሁ የመጣብኝ ያ ልጅ ነው። ኤልክሃርት ያለውን ሰውዬ ስሰድብ ነበር፤ ለካስ እኔም እየቆጠርኩ ነበር የማርመው። ያ ልጅ ይሄን ጽሑፍ ብታነበው፣ ልክ የነበርከው አንተ ነህ። ይቅርታ አድርግልኝ።

ጥገናው ስድስት ሳምንት ወሰደብኝ፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ። ከ14 ዓመት ልጄ ጋር ነው የሠራነው። እሷ ባትሪ ታበራለች፣ ትለካለች፤ እኔ እቆርጣለሁ። የበሰበሰውን አውጥተን ጤነኛውን አደረቅነው፣ አዲስ ሞራሌ በኮላና በብሎን አሠርን። ጠርዙን ከላይ እስከ ታች ፈትተን፣ አሮጌውን ማጣበቂያ ፍቀን፣ በአዲስ ቢዩታይል ጎማ መለስነው። ግድግዳውን ግን ቶሎ አልዘጋነውም። ልጄ "ዳዲ፣ መጀመሪያ ዝናብ ይምጣ" አለች። መጣ። ሦስት ሳምንት ከፍተን አየነው፤ ደረቅ ነው። ከዚያ ዘጋነው። ከመዝጋታችን በፊት ልጄ እንጨቱ ላይ ቀኑንና ስሟን በእርሳስ ጻፈች። ወጪያችን በጠቅላላ 640 ዶላር፣ የወገቤን ሳይጨምር።

እና ልጄ፣ ለጥያቄህ፦ ግዛ፤ ግን ፕላስቲኩ ያልተነሳለትን አትግዛ። ሦስትና አራት ዓመት የተነዳውን፣ ባለቤቱ ችግሩን አውጥቶ የጠገነውን ፈልግ። ስትሄድ ከ40 ዶላር በታች የሚሸጠውን የእርጥበት መለኪያ ይዘህ ሂድ። በየማዕዘኑ፣ በየመስኮቱ ሥርና በአልጋው ራስጌ ለካ፣ በጣትህም ተጫን። ጣሪያው ላይ ውጣ፤ በአየር ማስገቢያዎቹ ዙሪያ ማሸጊያው ከተሰነጠቀ ውስጡን ጠርጥር። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች አንብብ፤ 2320 ካለ በ2020 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጎማው ሳያልቅ ዕድሜው ሊያልቅ ይችላል። ኩሽኔታዎቹን አስፈትተህ ግራሶ አስቀባ።

ከገዛህ በኋላ መሳቢያዎቹን በኮላና በብሎን መልሰህ እሰራቸው። ባትሪውን ወደ ሊቲየም ከቀየርክ ቻርጀሩም ለሊቲየም የሚሆን መሆኑን አረጋግጥ፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ደግሞ እንዳትሞላው። ጠርዝ ያለው መደርደሪያም ሥራ፤ ባለቤቴ ጀበናና ስኒዎቿ በየመታጠፊያው እንዳይወድቁ አሠርታኛለች፣ ከሁሉም የምትወደው እሱን ነው። በየሦስት ወሩም ጣሪያ ላይ ውጣ። ፎቶው ላይ ያያችሁኝ እሱን ሳደርግ ነው።

ትናንት ማታ ስትዘንብ አደረች። ጠዋት ሄጄ ግድግዳውን ነካሁት። ደረቅ ነው።

እናንተስ? ሳታዩ ገዝታችሁ ከፍታችሁ ያያችሁት ነገር አለ? ጻፉልኝ፣ አነባለሁ። ሰላም ሁኑልኝ።