ደጁ በማን እጅ ነው?

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ከደሴ ተነሥታችሁ የወልድያን መንገድ ብትይዙ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ሐይቅ ከተማን ታገኛላችሁ፤ ከዚያም ወደ ሰሜን ስትገፉ አምባሰልን፥ በአምባሰልም ውስጥ ውጫሌን። እኔ የተወለድሁት በውጫሌ ነው፤ እንጀራዬን የምበላው ግን በሐይቅ ከተማ፥ በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ነው። ደብዳቤ ማስገባትና ማስወጣት ሥራዬ ስለ ሆነ፥ መላላክ ሲከለከል ምን እንደሚመስል ጥቂት ባወራችሁ አትፈርዱብኝም።

በአማራ ክልል በነበረው ግጭት ምክንያት ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በዚያው ሰሞን በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ለብዙ ወራትም ተዘግቶ ቆየ። «ምን ጎደለ? የወጣቶች መጫወቻ አይደለምን?» የሚል ሰው አላጣሁም። እንዲህ ለሚል ሰው ጎረቤቴን ላስተዋውቀው እወድዳለሁ።

እማማ እላቸዋለሁ። ልጃቸው እንደ ብዙዎቹ የወሎ ልጆች ዐረብ አገር በሰው ቤት ትሠራለች። እማማ ማንበብ አይችሉም፤ ዐርብ ማታ ስልካቸውን እኔ እከፍትላቸውና ከልጅቱ ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ ይነጋገሩ ነበር። ደኅንነቷን የሚያውቁት ከቃሏ ሳይሆን ከፊቷ ነው፤ ከስታ እንደ ሆነ፥ ዐይኗ አብጦ እንደ ሆነ ይመረምራሉ። ኢንተርኔቱ ሲዘጋ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ እርሱም በደኅናው ቀን ለጥቂት ደቂቃ። «ደኅና ነኝ ትለኛለች፤ መቼ ደኅና አይደለሁም ብላኝ ታውቅና!» አሉኝ አንድ ማታ። የምመልሰው አልነበረኝም።

የራሴንም ልንገራችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት የትምህርት ዕድል ማስታወቂያ አወጣ፤ ምዝገባው በኢንተርኔት ብቻ ነበር። ወሬው በሰው በሰው ዞሮ ሲደርሰኝ የቀረው ሁለት ቀን ነው። ደሴ ላይ የቋሚ መስመር ኢንተርኔት ያለው ሆቴል እንዳለ ሰምቼ ስለ ነበር፥ አለቃዬን አስፈቅጄ በሚኒባስ ሄድሁ። ግቢው እንደ ገበያ ሞልቷል፤ ነጋዴው፥ ተማሪው፥ ሙሽራው ሁሉ ስልኩን ወደ ላይ አንሥቶ መስመር ይፈልጋል። ሻይ ላልጠጣ ሰው የይለፍ ቃሉ አይነገረውም፤ እኔም አራት ብርጭቆ ጠጣሁ። ቅጹን እስከ መጨረሻው ገጽ ሞላሁ፤ የትምህርት ማስረጃዬን ለማያያዝ ስሞክር ግን መስመሩ ተቋረጠ። በማግሥቱም ሞከርሁ፤ ጊዜው ዐለፈ። አቤቱታዬን በፖስታ ላክሁ። መልሱን በኢሜይል ልከውልኝ ኖሮ፥ ያነበብሁት ከወራት በኋላ ነው። ሳቁ፤ እኔም ሥቄአለሁ።

በዚህ ነገር ስብሰለሰል አንድ ቅዳሜ ወላጆቼን ልጠይቅ ውጫሌ ሄድሁ፤ በዚያም በትምህርት ቤት በቃሌ ያጠናሁት ነገር እንደ አዲስ ገባኝ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመው ውል፥ ጠብ ያስነሣው 17ኛው አንቀጽ፥ ስለ ምን ነበር? ስለ መላላክ ነበር። አማርኛው ዐፄ ምኒልክ ከኤውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ኢጣልያኖቹ ግን የራሳቸውን ጽሑፍ ይዘው ግዴታ ነው አሉ። ምኒልክ ዘውድ መጫናቸውን ለነገሥታቱ ባስታወቁ ጊዜም፥ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ መላላኩ በኢጣልያ በኩል መሆን እንዳለበት የሚያመለክት ሆነ። በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱት፤ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የሆነውን ታውቃላችሁ። እኔ ንጉሥ አይደለሁም፤ መንግሥቴም ባዕድ አይደለም፤ ምሳሌው እስከዚህ ድረስ ብቻ ይሄዳል። ሆኖም «እችላለሁ» ባይና «ተፈቅዶልኛል» ባይ አንድ አለመሆናቸውን ከአምባሰል ሰው የበለጠ ማን ያውቃል?

መዝጋቱ በእኛ አልተጀመረም። በ2009 ዓ.ም. ስለ ፈተና ተዘጋ፤ ሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊው ሀጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ጊዜ በመላው አገር ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ፤ በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከዓመት በላይ ተዘጋ። ትግራይ በተዘጋ ጊዜ እኔ በሐይቅ ምን አልሁ? ምንም አላልሁም፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ዝም ያላሉ ግን ነበሩ። «ዞን 9» የተባሉት ጦማሪዎች በ2006 ዓ.ም. ሚያዝያ ስድስት ሆነው ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ፤ ገሚሱ በ2007 ሐምሌ፥ የቀሩት በ2008 ጥቅምት ተፈቱ። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው «ኪፕ ኢት ኦን» የተባለው ኢንተርኔት አይዘጋ የሚል ዘመቻ ከ300 የሚበልጡ ማኅበሮችን ከዓለም ዙሪያ አሰባስቧል።

የዘጊዎቹንም ምክንያት አቃልዬ አላልፍም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ፕሮፌሰር መዐረግ አማረ ባሕር ዳር ላይ ተገደሉ፤ ከዚያ በፊት ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከጥላቻ ቃል ጋር በፌስቡክ ወጥቶ ነበር። ክፉ ወሬ ሰው ይገድላል። ልጃቸው ግን የሄደው ወደ ዳኛ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ፤ በ2017 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። ወሬ ነዢው በስሙ ይጠየቅ እንጂ፥ በእርሱ ፈንታ እማማ ለምን ይቀጣሉ?

የሕገ መንግሥታችን 29ኛ አንቀጽ መረጃ የመሻት፥ የመቀበልና የማስተላለፍ ነጻነት ይሰጣል። በክፉ ቀን መገደቡ አይቀርም ከተባለ፥ ትእዛዙ በጽሑፍ ይውጣ፤ ቁጥርና ቀን ይኑረው፤ ምክንያቱና የሚያበቃበት ጊዜ ይጻፍበት፤ ዳኛም ይየው። ይህ የመዝገብ ቤት አመል ነው ትሉኝ ይሆናል፤ ነገር ግን እኛ ዘንድ የአንዲት ወንበር ግዢ እንኳ ያለ ቁጥርና ያለ ፊርማ አይፈጸምም።

መስመሩ የተመለሰ ዕለት እማማ ስልካቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ። የልጅቱ ፊት ገና ብቅ ሲል «ከስተሻል!» አሏት፤ ሰላምታም አላስቀደሙ። የትምህርት ዕድሉ ማስታወቂያም እንደ ገና ወጥቷል፤ ምዝገባው አሁንም በኢንተርኔት ብቻ ነው። እኔ በመጀመሪያው ቀን፥ ገና በማለዳ ተመዘገብሁ።