ዋጋውን በአደባባይ ስለ መጻፍ፤ ለደጎሎና ለአካባቢዋ ነጋዴዎች

ከዓለም ከተማ ተነሥቶ የወንጪትን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ ወደ ጃማ ደጋ ብቅ የሚል መንገደኛ፣ ወሩ ጥቅምት ወይም ኅዳር ከሆነ፣ በግራና በቀኙ የሚያየው መረሬው አፈር ያበቀለውን ጤፍና ስንዴ፣ ምስርና ሽምብራ ነው። ይህ ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ እያቆረ አባቶቻችንን ብዙ ዘመን ያስቸገረ ነበር፤ ቢቢኤም የሚባለው፣ በበሬ እየተጎተተ ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣው መሣሪያ ከገባ ወዲህ ግን ውሃውን አጠንፍፎ ስንዴን ቀድሞ መዝራት ስለ ተቻለ፣ የምድሩ በረከት እየታየ መጥቷል። ስለዚህ የጃማዋ ከተማ የደጎሎ ነጋዴ ችግር የሚሸጥ ነገር ማጣት አይደለም፤ ያለውን ነገር ለሚፈልገው ሰው በሚታመን ቃል አለመንገሩ ነው። ዛሬ በረጅም ሐተታ የወዳጆቼን ትዕግሥት የምለምነውም ስለዚሁ ጉዳይ ነው።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በደጎሎም ሆነ በመካነ ሰላም፣ በአቀስታም ሆነ በወረኢሉ ብዙ ነጋዴዎች የፌስቡክ ገጽና የቴሌግራም ቻናል ከፍተዋል፤ ቲክቶክ ላይ የሚታዩም አሉ። ይህ በራሱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ገጾች አንዱን ከላይ እስከ ታች ረጋ ብሎ የሚያነብ ሰው የሚያገኘው ምንድን ነው? በመጀመሪያ ከሌላ ሰው ገጽ የተወሰደ፣ የማን ማሳ እንደ ሆነ የማይታወቅ የነጭ ጤፍ ፎቶግራፍ፤ ከሥሩ «ጥራት ያለው የጃማ ጤፍ አለን፤ ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ጽሑፍ፤ ከዚያ የእንቁጣጣሽ፣ የመስቀል፣ የገና፣ የመውሊድና የአረፋ የእንኳን አደረሳችሁ ሥዕሎች፤ ከዚያ የሁለትና የሦስት ወር ዝምታ። ከአስተያየቶቹ መካከል አንዲት እመቤት «ኩንታሉ ስንት ነው?» ብለው ጠይቀው «ውስጥ መስመር ይግቡ» ተብለዋል፤ ሌላዋ «ውሃ ያነሳል?» ብለው ጠይቀው መልስ የሰጣቸው የለም።

ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ የገበያውን ሁሉ ምስጢር የያዘች ናት። እንጀራ ጋግሮ የሚያድር ሰው ጤፍ ሲገዛ የሚመራመረው ስለ ንጣቱ ብቻ አይደለም፤ ዱቄቱ ውሃ ያነሳ እንደ ሆነ፣ እንጀራው ዓይን ያወጣ እንደ ሆነ፣ አሸዋና ገለባ የተቀላቀለበት እንደ ሆነ፣ ማኛ ተብሎ የሚሸጠው በእርግጥ ማኛ ይሁን ወይስ ከሰርገኛ ጋር የተደባለቀ፣ ይህን ሁሉ ማወቅ ይፈልጋል። በገበያ ቀን ገዥው እጁን ወደ ጆንያው ሰድዶ ከሥር ዘግኖ ያወጣል፤ በመዳፉ ላይ ዘርግቶ እፍ ይልበታል፤ ምስር ከሆነ በጥርሱ ይሰብረዋል። ሻጩም ዝም ብሎ አይመለከትም፤ የየትኛው ቀበሌ እህል እንደ ሆነ፣ መቼ እንደ ተወቃ፣ በምን እንደ ተነፋ ይናገራል። የስልኩ ገበያ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከገዥው የወሰደበት እጁን ነው፤ እንግዲህ በገጻችን ላይ የምንጽፈው ቃልና የምንለጥፈው ምስል የዚያን እጅ ሥራ ካልሠራልን ሌላ ምን ሊሠራልን ይችላል?

ግልጽ ማስታወቂያ ምን እንደሚመስል ለመማር ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ያስነገሩት የክተት አዋጅ፣ የመጣው ጠላት ምን እንዳሰበ፣ ጉልበት ያለው ምን እንዲያደርግ፣ ጉልበት የሌለው በምን እንዲረዳ ለይቶ ከተናገረ በኋላ፣ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ወረኢሉ ላይ እንዲከት ሥፍራውንና ቀኑን ቈርጦ የሰጠ ነበር። አዋጁን የሰማ ገበሬ ዝርዝሩን ለማግኘት ወደ ማንም ደጅ መመላለስ አላስፈለገውም፤ የሚያስፈልገው ሁሉ በአንድ አፍታ በሚነገር ቃል ውስጥ ተጠቃልሎለታል። የአገርን ህልውና የሚመለከት አዋጅና የጤፍ ማስታወቂያ በክብር እንደማይተካከሉ አውቃለሁ፤ ቃልን ቈጥቦ፣ ሰሚው ማወቅ የሚገባውን አንዳች ሳያስቀሩ መናገር ግን ከጎረቤታችን ከወረኢሉ ታሪክ ጋር የተያያዘ የቆየ ጥበባችን መሆኑን ሳላነሣ ማለፍ አልፈለግሁም።

እንግዲህ አንድ የደጎሎ ነጋዴ በቻናሉ ላይ እንዲህ ብሎ ቢጽፍ ምን ይጎድልበታል? «የጃማ ነጭ ጤፍ፣ የዘንድሮ አዝመራ፣ ተነፍቶ የተበጠረ። የአንድ ኩንታል ዋጋ ደጎሎ ላይ ይህን ያህል ብር፤ አዲስ አበባ እስከ ቤትዎ ድረስ ይህን ያህል ብር። የጫኝና አውራጅ ሒሳብ በእኛ በኩል ነው። ክብደቱ የማዳበሪያው ክብደት ሳይቈጠር ነው። ዋጋው እስከ ዓርብ ማታ የጸና ነው።» ከዚህ ጋር በቀን ብርሃን፣ በራሱ መጋዘን ደጃፍ፣ በራሱ መዳፍ ላይ የተነሣ የእህል ፎቶግራፍ፤ ቢችል ደግሞ ኩንታሉ ሚዛን ላይ ሲወጣ ቁጥሩ የሚታይበት የግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ። የጫኝና አውራጁ ሒሳብ ብቻ እንኳ አስቀድሞ ባለመጻፉ በየደጃፉ ስንት ጠብ እንደሚነሣ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ዋጋን መደበቅ ለምን እንደ ተለመደ አልሳተውም። አንዱ ተፎካካሪው እንዳያይበት ይፈራል፤ ሌላው የገዥውን አቅም አይቶ ለመተመን ይመኛል፤ ሦስተኛው ደግሞ ገበያው በየሳምንቱ ስለሚዋዥቅ ትናንት በጻፈው ዋጋ ዛሬ እንዳይያዝ ይሠጋል። የመጨረሻው ሥጋት እውነተኛ ነው፤ መድኃኒቱም ከዋጋው አጠገብ ቀኑን መጻፍ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ነጋዴውን ራሱን የሚጐዱ ናቸው፤ ምክንያቱም ተፎካካሪው ዋጋውን በአንድ የስልክ ጥሪ ማወቅ ሲችል፣ የሚርቀው ለመጠየቅ ያፈረው ገዥ ብቻ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ በግልጽ እንዲያመለክት ያስገድዳል፤ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም ማስታወቂያ ከእውነት የራቀና አሳሳች እንዳይሆን ይከለክላል። በሱቃችን ግድግዳ ላይ የምንለጥፈውን ዋጋ በገጻችን ላይ ስንደብቅ የአዋጁን መንፈስ እየሸሸን መሆናችንን ልናውቅ ይገባል።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ ከአዲስ አበባ ደጎሎ ለመድረስ ደቂቃ አይፈጅበትም። እምነት ግን እንዲህ አይፈጥንም። አዲስ አበባ የምትኖረው እኅቴ ስሙን ከማላነሣው አንድ ገጽ ምስር አዘዘች፤ በምስሉ ላይ የታየው የጠራና የተለቀመ ነበር፤ የመጣላት ግን ነቀዝ የገባበት ሆነ። በቁጣ ሳይሆን በጨዋ ቃል፣ ፎቶግራፍ አያይዛ፣ ከማስታወቂያው ሥር ጻፈች። በዚያው ምሽት ጽሑፏ ተሰረዘ፤ እርሷም ታገደች። ያ ነጋዴ አንድ አስተያየት አጠፋሁ ብሎ አስቦ ይሆናል፤ እርሷ ግን ነገሩን በመሥሪያ ቤቷና በዕቁቧ ውስጥ ተናግራ፣ ዛሬ ከእነዚያ ሴቶች አንዷም እንኳ ከወሎ ገጾች እህል ለማዘዝ አትደፍርም። አንድ ሰው በሠራው በደል የብዙ ታማኞች በር ተዘጋ። እኔን ከምስሩ ይልቅ ያሳዘነኝ ይህ ነው።

ቅሬታ ሲመጣ ሳይሰርዙ፣ በዚያው በአደባባይ፣ «እመቤቴ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ እህሉን እንለውጣለን ወይም ገንዘብዎን እንመልሳለን» ብሎ መጻፍ፣ ከዚያም የተባለውን ፈጽሞ መፈጸሙን እዚያው ማሳወቅ፣ ከማናቸውም ምስጋና የበለጠ ምስክርነት ነው። የሚያነበው ሌላው ሺህ ሰው የሚመዝነው ስሕተት መኖር አለመኖሩን ሳይሆን፣ ስሕተት በተገኘ ጊዜ የነጋዴውን ጠባይ ነውና።

ገዥዎቻችን በአዲስ አበባ ብቻ የተወሰኑ አይደሉም። በሪያድ፣ በዱባይ፣ በቤይሩት ብዙ የወሎ ልጆች አሉ፤ ለትንሣኤ ወይም ለአረፋ ለእናታቸው ሙክት ለመግዛት ገንዘቡን ይዘው የሚታመን ሰው የሚፈልጉ ናቸው። ለእነዚህ ልጆች የሚሆን ማስታወቂያ ሙክቱ ቆሞ ሲራመድ፣ ጥርሱ ሲታይ፣ ላቱ በእጅ ሲመዘን የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ነው፤ ሙክቱ ለእናትየው ሲደርስ ደግሞ ለልጅዋ ብቻ የሚላክ ማረጋገጫ። ለልጅዋ ብቻ ያልሁት ሆን ብዬ ነው። የእናቶችን ፊትና የቤታቸውን ደጃፍ ፈቃዳቸውን ሳይጠይቁ ለሕዝብ መለጠፍ፣ ሥጦታውን ወደ ውርደት የሚለውጥ የማይገባ ልማድ ሆኗልና ይቅር።

ገጹን ማን ይያዘው የሚለውም ጥያቄ ቀላል አይደለም። በብዙ መደብሮች ውስጥ እህሉን የሚያውቁት አባት ወይም እናት ናቸው፤ ስልኩን የሚያውቀው ደግሞ ትምህርቱን ጨርሶ ቤት ያለው ልጅ ነው። ልጁ ብቻውን ሲጽፍ ከሌላ ገጽ የተቀዳ ቃል ይሆናል። እኔ የምመክረው፣ አባትየው ስለ እህሉ በራሳቸው አንደበት፣ በለመዱት በጃማ አነጋገር፣ በድምፅ መልእክት እንዲናገሩና ልጁ ያንኑ ድምፅ ከምስሉ ጋር እንዲለጥፍ ነው። መረሬን ሲያርስ የኖረ ሰው ድምፅ ከማንም የማስታወቂያ ባለሙያ ድምፅ ይልቅ ይታመናል። በተረፈ ስለሚከፈልበት የፌስቡክ ማስታወቂያ ብዙዎች ይጠይቁኛል፤ ክፍያው የውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሚሻና በአስከፋይ ሰዎች በኩል ስለሚያልፍ ቀላል አይደለም፤ ገጹ ሳይስተካከል ገንዘብ ማፍሰስም ጎዶሎውን ለብዙ ሰው ማሳየት ነው፤ አይቸኰል።

በቻይና ጂያንግሱ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ በሻጂ ከተማ አጠገብ ያለችው የዶንግፌንግ መንደር ለእኛ የምትሆን ትምህርት አላት። የመንደሩ ሰዎች ያረጀ ፕላስቲክ እየሰበሰቡ በመሸጥ ይኖሩ ነበር፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ገደማ ጥቂት ወጣቶች ታኦባዎ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ቀላል የእንጨት የቤት ዕቃ መሸጥ ቢጀምሩ፣ ጎረቤቶቻቸው እየተከተሉ መንደሩ ሁሉ ነጋዴ ሆነ። ነገር ግን ሁሉም አንዱን ዕቃና አንዱን ምስል እየቀዱ ስለ ሸጡ፣ ትርፋቸው በዋጋ መቆራረጥ መመንመኑ አልቀረም። የደጎሎ ገጾችም ዛሬ አንዱን የጤፍ ፎቶግራፍ ለአሥር ሲካፈሉት ሳይ ያው ዕጣ እንዳይደርሰን እሠጋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በአገሪቱ ተዘግተው ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። ደንበኞቹን በቻናል ብቻ ያወቀ ነጋዴ በአንድ ቀን ሁሉንም አጣቸው፤ ስማቸውን፣ ስልካቸውንና ያዘዙትን በደብተር መዝግቦ የያዘ ግን የስልክ መስመር ባገኘ ጊዜ እየደወለ ንግዱን ሊያቆይ ይችል ነበር። ስለዚህ መዝገብ ይኑራችሁ፤ መዝገቡም የሰው አደራ ነውና ለሌላ ወገን ተላልፎ አይሰጥ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የዘንድሮው ጤፍ ከአውድማ ሳይገባ አንድ ሥራ ብቻ ሥሩልኝ ብዬ እለምናችኋለሁ፦ ገጻችሁን ክፈቱ፤ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን አውጡ፤ ዋጋውንና ቀኑን ጻፉ፤ ውሃ ያነሳ እንደ ሆነ ለጠየቁት እመቤትም መልስ ስጧቸው።