የባሕር ላይ ገበታና የቤታችን ጓዳ

ባሕር ገበያ የለውም። በየብስ የሚሄድ መንገደኛ ስንቁ ቢያልቅበት በደረሰበት መንደር «የእግዜር እንግዳ» ብሎ ያድራል፤ በባሕር ላይ ያለ ሰው ግን አስቀድሞ ከመርከቡ ሆድ ካልገባለት በቀር አንዲት ጕርሻ እንኳ ከየትም አያገኝም። ስለዚህ በመርከብ ላይ የሚታየው የምግብ ብዛት ላይ ላዩን ለሚያየው ሰው የድሎት ሥራ ቢመስልም፥ ሥሩ ሲመረመር የስንቅ ጥበብ ነው። እኛም በባሕር ያየነውን በአገራችን በደብረ ዘይት ከተመለከትነው ጋራ አስተያይተን፥ ለቤተ ሰብ ይጠቅማል ያልነውን በዚህ ገጽ ልንገልጽ ወደድን።

በሜዲቴራኒያን ባሕር በተጓዝንበት የሽርሽር መርከብ ላይ የገበታው አዳራሽ ከማለዳ አንሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት አይዘጋም ነበር። በአንድ ወገን ዳቦው በየዓይነቱ ተደርድሯል፤ በሌላው ወገን ዓሣው በበረዶ ላይ ተጋድሟል፤ ጥብሱ፥ አይቡ፥ አትክልቱ፥ ፍራፍሬውና ጣፋጩ እያንዳንዱ የራሱ ገበታና የራሱ አሳላፊ አለው። ከደጁ ላይ አንድ ሎሌ ቆሞ የሚገባውን ሁሉ እጁን እንዲታጠብ ያሳስባል፤ ይኸውም ብዙ ሰው ተጠጋግቶ በሚኖርበት መርከብ የሆድ በሽታ ፈጥኖ ስለሚዛመት ነው። ማስታጠቢያ ይዞ በእንግዳ ፊት የሚያጐነብስ ልጅ ባለበት አገር ላደገ ሰው ይህ ሥርዓት እንግዳ አይሆንበትም።

የማታው ራት በሁለት ዙር ይቀርባል፤ የፊተኞቹ በልተው ሲነሡ ገበታው ተነጥፎ የኋለኞቹ ይገባሉ። ይህም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት የነበረውን ግብር ያሳስባል። በዚያ አዳራሽ መኳንንቱ አስቀድመው፥ ወታደሩም ቀጥሎ በየተራው እየገባ ብዙ ሺህ ሰው ይበላ ነበር። ልዩነቱ በግብሩ ላይ ሰው በማዕርጉ ሲገባ፥ በመርከቡ ላይ የሚገባው አስቀድሞ በያዘው ሰዓት መሆኑ ነው።

ነገር ግን ዋናው ሥራ ያለው ከአዳራሹ በታች ነው። መርከቡ ወደብ ላይ በሚቆምባቸው ጥቂት ሰዓቶች የሚቀጥለው ጉዞ ስንቅ ሁሉ ተቈጥሮና ተመርምሮ ይገባል። ሥጋው፥ ዓሣው፥ ወተቱና አትክልቱ ለየብቻው በቀዝቃዛ ጓዳ ይቀመጣል፤ ቀድሞ የገባውም ቀድሞ ይወጣል እንጂ አዲሱ በአሮጌው ላይ አይከመርም። በሚያዝያ 1904 ዓ.ም. የሰጠመችው ታይታኒክ ለአንድ ጉዞ ብቻ 40,000 እንቍላል፥ 340 ኩንታል ያህል ትኩስ ሥጋና 400 ኩንታል ያህል ድንች ይዛ እንደ ነበር ተጽፏል። በጥር 2016 ዓ.ም. ሥራ የጀመረችው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ ደግሞ እስከ 7,600 መንገደኛ የምትይዝ ስትሆን፥ ሠራተኞቿ 2,350 ናቸው። እንዲህ ያለውን ሕዝብ በባሕር መካከል የሚያጠግበው የወጥ ቤቱ ብልኀት ብቻ ሳይሆን የጓዳው አዛዥ መዝገብ ነው።

በመርከቡ ላይ ያላስደሰተን ነገርም አለ። ብዙ ሰው ዓይኑ ከሆዱ ስለሚበልጥበት ሳህኑን ቈልሎ ይወስድና እኩሌታውን ትቶት ይነሣል። የመርከብ ሕግ ትራፊውን ከየብስ አቅራቢያ መጣል ይከለክላል፤ ከምድር ርቆ ሲጣልም ያልተፈጨው ከ12 የባሕር ማይል ወዲህ እንዳይወድቅ ያዛል። ሕጉ ባሕሩን ይጠብቃል እንጂ እንጀራውን አያድንም። በጓዳው ውስጥ በሚዛን የተያዘው ሀብት በበላተኛው እጅ ያለ ሚዛን ይጠፋል ማለት ነው።

ለሚጾም መንገደኛ አንድ ምክር እንጨምር። ሥጋ፥ ወተትና እንቍላል የሌለበት ምግብ በነዚህ መርከቦች ይገኛል፤ ነገር ግን ጾመኛው ከመሳፈሩ በፊት ማስታወቅ ይገባዋል። በገበታ ላይ ተቀምጦ «ይህ ቅቤ አለበት ወይ?» እያለ አሳላፊውን ከሚያስጨንቅ፥ አስቀድሞ የተናገረ ሰው ጾሙንም ክብሩንም ጠብቆ ይበላል።

ከባሕር ወደ የብስ ስንመለስ፥ ደብረ ዘይት በሁለት ነገር ታስተምረናለች። ስሟ በኢየሩሳሌም ያለው የደብረ ዘይት ተራራ ስም ሲሆን፥ የዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድም፥ እኩለ ጾም የሚባለው፥ በዚሁ ስም ይጠራል። ከተማይቱ ዛሬ በመንግሥት መዝገብ ቢሾፍቱ ትባላለች፤ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የቀድሞው ምድር ባቡር በዚያ ያልፍ ነበር። በ1916 ዓ.ም. ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ከመኳንንቶቻቸው ጋራ ወደ ኢየሩሳሌም፥ ወደ ግብጽና ወደ አውሮፓ ሲሄዱ፥ ወደ መርከቡ የወረዱት በዚሁ ባቡር ነው።

አገሩ የጥጋብ አገር ነው። የአዳ ነጭ ጤፍ፥ ሽምብራውና ምስሩ ስማቸው የታወቀ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. «ቍንጮ» የተባለውን የጤፍ ዘር ለገበሬ ያወጣው የእርሻ ምርምር ማዕከልም በዚያው ይገኛል። ከእሳተ ገሞራ አፍ በተፈጠሩት በቢሾፍቱ፥ በሆራና በባቦጋያ ሐይቆች ዳር የተሠሩት ሆቴሎች በቅዳሜና በእሑድ የሚያቀርቡት ቡፌ ከመርከቡ ገበታ የሚያንስ አይደለም። በአንድ በኩል ክትፎና ዓሣ ጥብስ፥ በሌላው በኩል የጾም በየዓይነቱ ተሰናድቶ ይቈያል፤ ጾመኛውና የሚበላው በአንድ ሐይቅ ዳር ሳይተፋፈሩ ይቀመጣሉ። በዚህስ የእኛ ሰዎች ከመርከቡ አሳላፊዎች ይበልጣሉ።

የሚያሳዝነው ግን ይህ ነው። ሰባቱን አጽዋማት ለሚጾም ሰው ከዓመቱ እኩሌታ የሚበልጠው በጾም ያልፋል። ላሟ ግን ጾም አታውቅም፤ ጧትና ማታ ትታለባለች። ስለዚህ በደብረ ዘይት ዙሪያ ወተት የሚያልቡ ሰዎች በዐቢይ ጾም ገዢ ያጣሉ፤ ማቈያ የሌለውም ወተቱ ይበላሽበታል። እንዲሁም ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቀው በአሶሳ፥ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ አገር፥ ማንጎ በወራቱ ከመብዛቱ የተነሣ ከዛፉ ሥር ወድቆ ይበሰብሳል፤ በዚያው ሰሞን በሌላው አገር ፍሬ ያልቀመሰ ሕፃን አለ። መርከብ ገበያ በሌለበት ባሕር ላይ ሺዎችን ሲያጠግብ፥ እኛ ገበያ ባለበት የብስ ላይ ሀብታችንን የምናጣው እግዚአብሔር ስላልሰጠን ሳይሆን ማቈያ ስላላዘጋጀን ነው።

ጥበቡ ግን ለእኛ ባዕድ አይደለም። እናቶቻችን ቅቤውን አንጥረው ለዓመት ያቈዩ ነበር፤ ሥጋውን ቋንጣ፥ እንጀራውን ድርቆሽ፥ ገብሱን በሶ አድርገው ለዘማች ስንቅ ይሰጡ ነበር። ያ ሁሉ የየብስ መርከብ ስንቅ ነበር። ማንጎም ተሥሥቶ ተቈርጦ በንጹሕ ጨርቅ ላይ በፀሐይ ቢደርቅ ይቈያል፤ ከጾም በፊት የተናጠውም ወተት ቅቤው ተነጥሮ ለፋሲካ ይደርሳል። ለሺህ ሰው የሚበቃውን ቀዝቃዛ ቤትና መንገድ ማሰናዳት የሹማምንትና የባለ ሀብቶች ፋንታ ነው፤ በየቤቱ ያለው ጓዳ ግን የእመቤቲቱ ነው።

እንግዲህ ሰርግም ሆነ ተዝካር ለመደገስ ያሰበች እመቤት፥ ምን ያህል ሰሐን እንደምትደረድር ከማሰቧ በፊት ስንት ሰው እንደሚመጣ፥ ከነዚያም ስንቱ ጾመኛ እንደ ሆነ፥ የተረፈውም በማግሥቱ ለማን እንደሚደርስ በወረቀት ትጻፈው። ደጅ ላይ የቆመው ድኻ ድርሻው በድግሱ መዝገብ አስቀድሞ ከገባለት፥ ያ ቤት ከማናቸውም መርከብ ይልቅ የጠገበ ነው።