እጁን ምን አስዘረጋው?

መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ

ዛሬ መፃጉዕ ነው። ቀራንዮ መድኃኔዓለም ቅዳሴው እንዳለቀ መምህሩ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5ን አነሡ። 38 ዓመት ተኝቶ የኖረ፣ ውኃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ዘመድ ያጣ ሰው፣ በአንድ ቃል ተነሥቶ አልጋውን ተሸከመ። ሕዝቡ እልል አለ።

እኔን ሁሌ የሚያበሽቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በእግሩ ሲሄድ ያዩት ሰዎች “እሰይ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ” እንደማለት፣ በሰንበት አልጋ ለምን ተሸከምክ ብለው ያዙት። አልጋው ሰውየውን ተሸክሞ ሲኖር ግን ትንፍሽ ያለ አልነበረም!

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ከሥራ ስመለስ ዘነበወርቅ ወርጄ እማማ ዘንድ ጎራ አልኩ። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ስለነበር ቡናው ከቆሎ ጋር ቀረበ። እማማ በልጅነታቸው ሥጋ ደዌ ይዟቸው ለሕክምና ከወሎ መጥተው እዚሁ ቀሩ። እዚህ ያለው አለርት ሆስፒታል የተቋቋመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊትም በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሚጠራ ሆስፒታል ነበር፣ ሰፈሩም ስሙን ከእሱ ወረሰ። በሽታው ዛሬ ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል። የሞተ ነርቭ ግን አይመለስም። ስለዚህ እማማ ሲኒ የሚያነሡት በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ነው፤ ጣታቸው ትኩሱን ከቀዝቃዛው አይለይም።

ግቢው ውስጥ አዲስ የገባች ተከራይ አለች። ሲኒውን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ አመሰገነች፣ ወጣ ብላ ደፋችው። ከዳኑ ስንት ዘመናቸው! እንግዲህ ይቺም አልጋውን ነው ያየችው።

“ተያት፣ ትለምዳለች” አሉኝ።

የመምህሩን ስብከት ነገርኳቸው። እሳቸውን የሚደንቃቸው ሌላ ኖሯል፤ ማቴዎስ ምዕራፍ 8 ላይ ያለው ለምጻም።

“ሳይነጻ እኮ ነው የነካው! ለመፃጉዕ በቃሉ ብቻ አልበቃም? እጁን ምን አስዘረጋው?”

ራሳቸውን እየነቀነቁ ሁለተኛውን ቀዱ።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

መድኃኔዓለም። የስቅለቱ መታሰቢያ ጾም ውስጥ ስለሚውል ታላቁ ክብረ በዓል ለጥቅምት 27 ይቆያል፤ ሰዉ ግን ግቢውን ሞልቶታል። እማማን ይዣቸው ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ ከጎናቸው የተቀመጠው ወጣት እጃቸውን አይቶ ወደ መስኮቱ ተጠጋ፤ እሳቸው ሰፋ ብለው ተቀመጡ።

ከቅዳሴ በኋላ መምህሩን አስቁመው ያንኑ ጠየቋቸው። መምህሩ ደስ ብሏቸው አብራሩ፦ ከመለኮት የተዋሐደ ሥጋው ርኩሱን የሚያነጻ እንጂ በርኩሱ የሚረክስ አለመሆኑን ሊያሳይ ነው፤ ኦሪት ለምጻም አይነካ ብትልም የኦሪት ጌታዋ እሱ ነውና። እማማ እጅ ነሥተው አዳመጡ፣ መስቀል ተሳለሙ።

በሩ ጋ ስንደርስ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

“ጥሩ አድርገው ነው የነገሩኝ፣ እግዜር ይስጣቸው። እኔ ግን አሁንም ይገርመኛል።”