መላ የሚጠይቅ ዜማ

የኀዘን ዜማ ለኅብረተሰብ ምን ይፈይዳል? ይህ ጥያቄ በኪነ ጥበብ ውይይቶች ላይ ደጋግሞ ሲነሣ ሰምቼአለሁ። ዘፈን ሠራተኛውን ለሥራ፣ ወጣቱን ለትግል ካላነሣሣ ልብ ከማድከም በቀር ጥቅም የለውም የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። እኔ ግን መልሱን ያገኘሁት ከመድረክ ክርክር ሳይሆን ከልደታ ጎረቤቶቼ ነው።

ማሕሙድ አሕመድ «እረ መላ መላ»ን ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተጫወተው እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሆን፣ ሸክላውን ያሳተመው ካይፋ ሬከርድስ ነበር። ማሕሙድ በልጅነቱ ጫማ ጠርጎ ያደገ፣ በክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ስሙ የታወቀ ድምፃዊ ነው። ዘፈኑ የፍቅር ስሞታ ነው። ይሁን እንጂ ስንቱ ቤት ልጁን ባጣበት፣ ስንቱ በተሰደደበት፣ የሰዓት እላፊም ሌሊቱን ዝም ባሰኘበት በዚያ ዘመን፣ አድማጩ ስሞታውን የራሱ አደረገው። በግቢያችን ልጃቸው ወጥቶ የቀረባቸው እናት ነበሩ። ማታ ቴፕ ተከፍቶ ይህ ዘፈን ሲደርስ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ያነሡና፣ ሲያልቅ «እስቲ መልሱት» ይሉ ነበር። እንዝርታቸውን ግን አያስቀምጡም።

መላ የሚጠይቅ ሰው ተስፋ አልቆረጠም። ተስፋ የቆረጠ ማንንም አይጠይቅም።

ይህን ከባሕር ማዶ ዘፈን ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ከፐንክ ሙዚቃ ማግሥት በእንግሊዝ አገር፣ በማንችስተር አካባቢ የተነሣው ጆይ ዲቪዥን እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው «ላቭ ዊል ቲር አስ አፓርት» ፍቅር ራሱ እንደሚለያየን ይናገራል። ድምፃዊው ኢያን ከርቲስ ሸክላው ሳይወጣ በ23 ዓመቱ ሕይወቱ አልፏል። ያም እውነተኛ ኀዘን ነው፤ እስከ ዛሬ ብዙ ወጣት ብቸኝነቱን ይካፈልበታል። የማሕሙድ ዜማ ግን ፍርድ አይሰጥም፤ በሽማግሌዎች ፊት እንደ ቀረበ ባለ ጉዳይ ችግሩን ለሰሚው ያስረክባል።

የሚያስገርመው፣ የዘፈኑ መንገድ ከዚያው የአውሮፓ ትውልድ ጋር መገናኘቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በብራስልስ የተቋቋመው ክራምድ ዲስክስ የተባለ አነስተኛ አሳታሚ፣ በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አማካይነት በ1986 የማሕሙድን ሥራ ለውጭ አድማጭ አቀረበ። ኋላም የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሰባተኛ ቅጽ ሆነ። ማሕሙድ በ2007 የቢቢሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ተቀበለ። ቋንቋውን የማያውቅ አድማጭ ቃሉን ባይረዳ እንኳ ልመናውን ሰምቶታል ማለት ነው።

ዛሬ በልደታ አሮጌዎቹ ቤቶች ፈርሰው በቦታቸው ፎቆች ቆመዋል፤ ጎረቤትም ተበትኗል። ዘፈኑ ግን ከየመስኮቱ ይሰማል። እኛ መምህራንና ከያንያን ሕዝቡን «ተጽናና» ከማለታችን በፊት የሚጠይቀውን መላ ጆሮ ሰጥተን ማዳመጥ ይገባናል። የኀዘን ዜማ ለኅብረተሰብ የሚፈይደውም ይኸው ነው፤ ዝም የተባለው ጥያቄ በአንድነት የሚጠየቅበት ድምፅ ይሆናል።