ለበቀቀናችን ጓደኛ እናምጣላት?

ወፍ በቤት ማሳደግ ለልጆች ጨዋታ ነው፤ ለእናት ግን ሥራ ነው። ሁለተኛ ሲጨመር ሥራው ብቻ ሳይሆን ኃላፊነቱም ይጨምራል። በቅርቡ ይህ ጉዳይ በፍኖተ ሰላም ቤታችን ትልቅ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር።

ያለችን አንዲት በቀቀን ናት። ቡሬ ገጠር ከዛፍ ሥር ክንፏ ተሰብሮ ተገኝታ ነው የመጣችው። ቁስሏ ቢድንም መብረር አልቻለችም። ላባዋ አረንጓዴ፣ ምንቃሯ ቀይ ነው። ያደገ ወንድ ግንባሩም ይቀላል፤ የእርሷ ስላልቀላ ሴት ናት። ይህ ዝርያ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋማ ስፍራዎች እንጂ በሌላ አገር ዱር አይገኝም።

ልጆቼ «ብቻዋን ናት፤ ጓደኛ እናምጣላት» እያሉ ወተወቱኝ። ነገሩ እውነት አለው፤ እነዚህ ወፎች በዱር የሚኖሩት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። አማቴም ከገጠር ሲመጡ «ልጄ፣ እረኞቹ አንድ ይዘው ያመጡልሻል፤ ምን ያስጨንቅሻል?» አሉኝ።

የሚያስጨንቀኝስ ይኸው ነበር። የሚያዘውም ወፍ ጥንድ አለው። የእኛዋን ብቸኝነት ለማቃለል ሌላዋን በሾላው ዛፍ ላይ ብቸኛ ማድረግ ነው። ጎጆዋቸውን የሚሠሩት በዛፍ ፍልፍል ውስጥ ሲሆን፣ እንዲህ ያለ ፍልፍል ያለው አሮጌ ዛፍ ደግሞ በአካባቢያችን ገጠር ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጪ እምብዛም አልቀረም። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝንም ሕግ ይከለክላል።

የቤቱም ጣጣ ቀላል አይደለም። አዲስ ወፍ በሽታ እንዳያጋባ ቢያንስ አንድ ወር ለብቻው መቀመጥ አለበት፤ የሰውን ሳንባ የሚያጠቃ የበቀቀን በሽታ አለና። ሁለቱ ካልተስማሙ እስከ መቁሰል ይነካከሳሉ። የቡና ቁላት፣ የዕጣንና የከሰል ጭስ ሳንባቸውን ይጎዳል። ከገበያችን የማይታጣው አቮካዶም ለበቀቀን መርዝ ነው። በደኅና ከተያዙ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራሉ። ልጆቹ ለትምህርት ርቀው ሲሄዱ የወፎቹ ሥራ በማን ትከሻ እንደሚወድቅ እናቶች ሁሉ ያውቁታል።

ስለዚህ ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን ሁለተኛ ላለመጨመር ወሰንን። ታናሹ ልጄ አልቅሷል። ነገር ግን የሽቦ ቤቷን ከማድ ቤቱ አርቀን ቤተሰቡ በሚቀመጥበት ክፍል አደረግንላት። ታላቂቱ ጠዋት ውኃ ትለውጣለች፤ ታናሹ ከሰዓት በኋላ የሾላ ፍሬ ይሰጣታል፤ እኔ ከሥራ ስመለስ አጫውታታለሁ። ሰው የጥንዷን ቦታ ሙሉ በሙሉ አይተካም፤ ቢሆንም ድምፃችንን ስትሰማ ትመልስልናለች።

እህቶቼ፣ ልጆቻችሁ እንስሳ ሲጠይቋችሁ «እሺ» ወይም «እምቢ» ከማለታችሁ በፊት ከየት እንደሚመጣና ማን እንደሚንከባከበው አብራችሁ ተነጋገሩ። ልጆች ከወፉ ይልቅ ከዚያ ውይይት ብዙ ይማራሉ።